የአሮጌ ሽጉጥ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ2016፣ በኅዳር ወር አጋማሽ ላይ፣ የኬንያ መንግሥት ከሕገ ወጥ ባለይዞታዎች የሰበሰባቸውን 5,250 የጦር መሣሪያዎች በንጎንግ ከምሮ እሳት ለቀቀባቸው። ንጎንግ ለእኛ ለላቪንግተን ነዋሪዎች ሩቅ አገር አይደለም። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በፓሪስ ከተማ በክሪስቲስ የጨረታ ቤት አንድ አሮጌ ሽጉጥ ለሽያጭ ቀረበ። ከሥራው አንጻር ሲታይ በዘመኑ በብዛት ይመረት ከነበረው ተራ ሽጉጥ የሚለይበት አንዳች ነገር አልነበረም። ነገር ግን መዶሻው ሲያርፍ ዋጋው 434,500 ዩሮ ደርሶ ነበር።

ብረት ያው ብረት ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ለእሳት ሌላውን ለመስተዋት ሣጥን የሚዳርገው ምንድን ነው? ጥያቄው የሰብሳቢዎችና የነጋዴዎች ብቻ ቢመስልም እኛንም በቅርብ ይነካናል። የዚያ የፓሪስ ሽጉጥ ታሪክ በሐረር በኩል ያልፋል፤ ከሽጉጦች ሁሉ ይልቅ በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚነሣው ሽጉጥም በመቅደላ አምባ ላይ ተተኩሷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

አባቶቻችን ‹‹ስድስት ጎራሽ›› ይሉት የነበረው፣ በፈረንጅኛ ሪቮልቨር የሚባለው ሽጉጥ፣ ጥይት የሚጎርሰው ክፍል በየተኩሱ እየዞረ አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በ1836 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ባዶ እጁን ይቀር የነበረው ሰው ሳያቋርጥ አምስትና ስድስት ጊዜ የሚተኩስበት መሣሪያ አገኘ። ከዚያም በፈረንሳይ ለፎሾ የተባለው የጠመንጃ ሠሪዎች ቤት፣ በቤልጅግም የሊዬዥ ከተማ ፋብሪካዎች ይህንኑ መሣሪያ በብዛት ማምረት ያዙ። ስለዚህ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሪቮልቨር በአብዛኛው ብርቅ ዕቃ አይደለም። ከሱቅ ተገዝቶ በኪስ የሚያዝ የገበያ ዕቃ ነበር።

በፓሪስ የተሸጠውም እንዲሁ ከሱቅ የተገዛ ነው። ገጣሚው ፖል ቬርሌን ሐምሌ 10 ቀን 1873 ጧት በብራሰልስ ከአንድ የጠመንጃ መደብር ገዛው፤ በዚያው ዕለት ሰክሮ ሳለ በወዳጁ በአርቱር ራምቦ ላይ ሁለት ጊዜ ተኩሶ በአንደኛው ጥይት እጁ አንጓ ላይ አቆሰለው። ራምቦ ያን ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ራምቦ ግን ብዙም ሳይቆይ ግጥም መጻፍን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ፣ በ1880 ማብቂያ ላይ የአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። በሐረር በስሙ የሚጠራው ቤት የከተማይቱ አንድ መታወቂያ ሆኖ ጎብኚ ሲስብ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ‹‹ዕጣ ፈንታ›› ቢሉት አይበዛበትም። በሽጉጥ የቆሰለው ገጣሚ ራሱ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆነ። በ1885 ፒየር ላባቱ ከተባለ የሸዋ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የንግዱን ሒሳብ ሳይሸሽግ ገልጾታል። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ፣ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ለእያንዳንዳቸው 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጡ ነበሩ፤ በሸዋ ግን እስከ 40 ፍራንክ ይሸጣሉ ብሎ አስቦ ነበር። ላባቱ በሞት ተለየው፤ ራምቦም ብቻውን ቅፍለቱን እየመራ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ሐረርን ይዘው፣ በዚያም የተገኘውን መሣሪያ አግኝተው ወደ እንጦጦ የተመለሱበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ ነጋዴው ያሰበውን ዋጋ ሳያገኝ ቀረ።

ይህ ታሪክ የአሮጌ መሣሪያን ገበያ አንዱን ገጽታ ያሳየናል። ያን ጊዜ ለአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ የሚያወጣለት የገዢው ችግር ነበር። ለአውሮፓ ሠራዊት ያረጀው ለኢትዮጵያ ዘበኛና ጭፍራ አዲስ ነበር፤ ነጻነቱን ለመጠበቅ የቆረጠ ሕዝብ ከአሮጌውም ከአዲሱም እየገዛ ይታጠቅ ነበር። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ወጨፎ፣ ለበን፣ ምንሽር የሚሉት ስሞች በፉከራችንና በቀረርቷችን ውስጥ የቀሩት በዚህ ዓይነት ነው። ፈረንጅ በፋብሪካው ያወጣለትን ስም አባቶቻችን በአንደበታቸው አርመው የቤት ስም አደረጉት። የመሣሪያው ጥቅም ካለፈ በኋላ ግን ዋጋው የሚቆመው በሌላ ምሰሶ ላይ ነው። ያም ምሰሶ ታሪክ ይባላል።

ባለፉት ዓመታት በዓለም የጨረታ አዳራሾች የታዩት ዋጋዎች ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1890 ራሱን ያቆሰለበት ሳይሆን አይቀርም የተባለው ሽጉጥ፣ በ1960 ገደማ ኦቬር በተባለው የፈረንሳይ መንደር አንድ ገበሬ ሲያርስ ያገኘው፣ ዝገት የበላው ብረት ነበር። በ2019 በፓሪስ 162,500 ዩሮ ተሸጠ። ልብ በሉ፤ መሣሪያው አይተኩስም፤ የዚያ የመከራ ቀን መሣሪያ ለመሆኑም ሙሉ ማረጋገጫ የለም። ‹‹ሳይሆን አይቀርም›› የሚለው ቃል ብቻ ይህን ያህል ገንዘብ አወጣ። በ1847 ከተሠሩት 1,100 ያህል የዎከር ኮልቶች አንዱ፣ በጥሩ ይዞታ ተጠብቆ የቆየው፣ በ2018 በአሜሪካ 1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከሁሉም የላቀውን ዋጋ ያገኘው ግን ሸሪፍ ፓት ጋሬት በ1881 ‹‹ቢሊ ዘ ኪድ›› የተባለውን ሽፍታ የገደለበት ኮልት ነው። በነሐሴ 2021 በሎስ አንጀለስ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ ጨረታ ቤቱ አስቀድሞ የገመተው ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ነበር።

የዚህ ሙያ አዋቂዎች የአሮጌ ሽጉጥን ዋጋ ሲተምኑ አራት ነገሮችን ይመረምራሉ። መጀመሪያ ይዞታው ነው፤ ይኸውም ዝገቱ፣ የብረቱ ቀለም፣ የእጀታው ጉዳት ነው። ሁለተኛው ክፍሎቹ ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት መሆናቸው፣ በየክፍሉ የተመታው ቁጥርም አንድ መሆኑ ነው። ሦስተኛው የተሠራው ቁጥር ማነሱ ነው። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት የባለቤትነት ታሪክ ነው፤ ማን ገዛው፣ ለማን አወረሰው፣ በየትኛው ወረቀት ይመሰክራል የሚለው። የቬርሌን ሽጉጥ የተረጋገጠው ቁጥሩ በሸጠው መደብር መዝገብ ላይ ሰፍሮ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ሽጉጥ ላይ ከሚከፈለው ሚሊዮን ብረቱ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ቀሪው ለወረቀቱ ይከፈላል።

የፓት ጋሬት ኮልት ወረቀት እንዴት እንደ ተገኘ ማወቁ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ጋሬት በ1908 ከተገደለ በኋላ ሽጉጡ ኤል ፓሶ በተባለች ከተማ በአንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት እጅ ነበር። ሰውየው ሲሞት የጋሬት ሚስት ወይዘሮ አፖሊናሪያ ‹‹ዕቃው የባሌ ነው፤ ስጦታ አልነበረም›› ብላ ፍርድ ቤት ቆመች፤ በ1930ዎቹም ረትታ ተረከበችው። ያቺ መበለት የባሏን ሽጉጥ ስታስመልስ ታሪኩንም አብራ አስመለሰች፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ራሱ የዕቃው ማረጋገጫ ሆነ።

አሁን ወደ መቅደላ እንመለስ።

የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በዐመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ፕላውደንን እንደ ወዳጅ ያዩት ስለ ነበረ ገዳዮቹን ተበቀሉ። በ1862 ንግሥት ቪክቶሪያ በአዲሱ ቆንስል በካሜሮን እጅ የላከችው ገጸ በረከት ውስጥ ሽጉጥ ነበረበት፤ በላዩም ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ምስጋናዋን የገለጸችበት ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ወዳጅነትን የሚፈልግ ደብዳቤ ለንግሥቲቱ ጻፉ። መልስ ግን አልመጣም። የደብዳቤው በለንደን መዝገብ ቤት ተረስቶ መቅረት ያስከተለውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የቆንስሉና የሌሎች ፈረንጆች መታሰር፣ በመጨረሻም የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ። ‹‹ወርቅ ላበደረ ጠጠር›› የሚለው የአገራችን ብሂል ለዚህ ታሪክ የተነገረ ይመስላል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በዚያው በቪክቶሪያ ስጦታ ራሳቸውን ሠዉ። በዘመቻው ከነበሩት ጋዜጠኞች አንዱ የነበረው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ፣ ወታደሮቹ የወደቀውን ሰው ማንነት የተረዱት በሽጉጡ ላይ ከነበረው ጽሑፍ መሆኑን ጽፏል። የምስጋናው ጽሑፍ የሬሳ መለያ ሆነ። ወታደሮቹ ሽጉጡን ነጠቁ፤ ከልብሳቸውም፣ ከጸጉራቸውም ለማስታወሻ እየቆረጡ ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ስለ ጨረታ ለሚነጋገር ሰው መዘንጋት የሌለበት ነው። ከመቅደላ ቤተ መንግሥትና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰደ። እዚያም ሚያዝያ 20 እና 21 ቀን 1868 ጨረታ ወጣ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ የብራና መጻሕፍት ለሁለት ቀን ተቸበቸቡ፤ የብሪትሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። የተሰበሰበው 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ከአራት ብር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቅርስ የሰብሳቢዎች ገበያ የተከፈተው በለንደን ወይም በፓሪስ አይደለም። በራሳችን ምድር፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ተከፈተ።

አፖሊናሪያ ጋሬት ፍርድ ቤት ቆማ ‹‹የባሌ ነው›› ማለት ችላለች። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት 1868 በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ መቃብራቸው በትግራይ በጨለቆት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ፤ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ዕቃው ሲወሰድ ‹‹የእኔ ነው›› ሊል የሚችለው ወራሽ ራሱ ከዕቃው ጋር ተወሰደ። የገበያው ሰዎች ‹‹የባለቤትነት ታሪክ›› የሚሉት፣ ዋጋን እጥፍ ድርብ የሚያደርገው ወረቀት፣ በእኛ ነገር ላይ የሚጀምረው ከወሳጁ ስም ነው። ‹‹በመቅደላ ዘመቻ የነበረው የእገሌ ንብረት›› የሚለው መግለጫ ለገዢው የማረጋገጫ ቃል ነው። ለእኛ ግን የዘረፋው የእምነት ቃል ነው። በጨረታ አዳራሽ ይህ ቃል ዋጋ ሲያስጨምር ማየት የሚያስተክዝ ነው።

የሆነ ሆኖ ጊዜው ባለበት አልቆመም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር በመጋቢት 2019 አስረከበ። በሰኔ 2021 በደቡብ እንግሊዝ ለጨረታ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ንብረቶች፣ አንድ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች፣ በኢትዮጵያ ጥያቄ ከጨረታው ተነሥተው፣ ሼኽራዛድ የተባለ ድርጅት ገዝቷቸው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተሰጡ። በየካቲት 2024 ደግሞ በኒውካስል ከተማ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ በተመሳሳይ መንገድ ከጨረታ ተነሣ።

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት ይሰማል። አንዳንዶች ‹‹ገንዘብ ያላቸው ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው እየገዙ ይመልሱ፤ ክርክሩ ሲጓተት ዕቃው በግለሰብ ሳሎን ተሰውሮ ይቀራል›› ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ‹‹የተዘረፈን ዕቃ መግዛት ዘረፋውን ሕጋዊ ማድረግ ነው፤ በገዛን ቁጥርም የቀሪውን ዋጋ እናስወድዳለን›› ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህ ጸሐፊ የሚያዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ከላይ እንዳየነው የዋጋው ምንጭ ታሪኩ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ የእኛ ነው። የገዛ ታሪካችንን ዋጋ ለወሰደብን ወገን መልሰን ስንከፍል ሁለት ጊዜ ተከፋይ እናደርገዋለን። ይሁንና ዕቃው ከዐይን ሊሰወር በተቃረበበት ሰዓት ገዝቶ ያስመለሰውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ቤዛ ከፍሎ ምርኮኛ ያስፈታ ሰው አይወቀስምና።

ከሙግቱ ባሻገር ግን እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው አለ። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዘንድ የአያት ወይም የቅድመ አያት ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይታወሳል፤ በዐድዋ ወይም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የተያዘ። ኬንያም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። በ1937 ከጠላት ሸሽተው በደቡብ በኩል ድንበር የተሻገሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ በስደተኛ ካምፕ ኖረዋል። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ስለ አባቶቻቸው ትጥቅ የሰሙት ነገር ካለ፣ ያ ወሬ ሳይጻፍ ከቀረ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ተራ ብረት ነው፤ ተራ ብረት ደግሞ መጨረሻው ንጎንግ ነው።

ስለዚህ መሣሪያው በአገር ቤት ካለ፣ ይዞታው በሕግ የታወቀ ይሁን። ዛሬ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ‹‹የአያቴ መታሰቢያ ነው›› ማለት ፈቃድ አይሆንም። ቅርስ የሆነውን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። በኬንያም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነውና፣ ማንም ‹‹አሮጌ ነው፤ አይተኩስም›› ብሎ በሻንጣው ይዞ ድንበር ለመሻገር እንዳይሞክር። ዕቃው እዚያው ይቆይ፤ ታሪኩ ግን ይጻፍ። ፎቶግራፉ ይነሣ፤ የተመታበት ቁጥርና ምልክት ይመዝገብ፤ ማን ለማን እንዳወረሰው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጠየቁ፤ ቀኑና የተናጋሪው ስም ይስፈር። ብረቱን ለማሳመር ሲባልም በአሸዋና በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ የተፈተገ መሣሪያ ምልክቱን ያጣል፤ ምልክቱን ሲያጣ ምስክርነቱንም ያጣል። ቤተሰቡ መጠበቅ ካልቻለ፣ በደረሰኝና ከነታሪኩ ለሙዚየም መስጠት ከሁሉ ይሻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል፣ ከክብደቱ የተነሣ ማንም ሊወስደው ሳይችል፣ ዛሬም በዚያው በመቅደላ ይገኛል። ደላንታ ላይ አልተጫረተም፤ በለንደን ዋጋ አልወጣለትም። ሽጉጡ ግን ቀላል ነበረና በእጅ ተያዘ። እኛም ቅርሳችንን በክብደቱ ብቻ ልናስቀር አንችልም። ለቀላሉ ዕቃ ክብደት የሚሆነው የተጻፈ ታሪክ ነው፤ ያንን ማከል ደግሞ ከናይሮቢም ሆኖ ይቻላል።